ለአንድ ሰው ብቻ የሚታይ

አህመዲን መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው። መካነ ሰላም ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በጓሮ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደረ ፋይል መሃል መቀመጥ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ባለጉዳይ የአባቱን ስም ጠርቶ ሳይጨርስ አህመዲን ተነሥቶ፣ እጁን ሰድዶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። በዚህ ይኮራል፤ ኩራቱ ግን ብዙም አያምርበትም። “ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ቢይዝ ኖሮ” ብሎ የሚጀምረው ንግግር አለው፤ ባልደረቦቹ ገና “ሰው ሁሉ” ሲል አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ይወጣሉ። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ከቦታው ሲንቀሳቀስ የሚጨንቀው ሰው ነው።

ይህ ሰው ፌስቡክ ውስጥ የገባው ወዶ አይደለም። ታናሽ እህቱ ፈርሂያ ናት ያስገባችው። ፈርሂያ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። የቤቱ እመቤት ሠራተኛ በስልክ ስታወራ መስማት አትወድም፤ አንድ ጊዜ ሰምታ ስልኩን ቀምታ ሁለት ወር ሙሉ ቆልፋበታለች። ከዚያ ወዲህ ፈርሂያ ስልኳን ፍራሽ ሥር ትደብቅና፣ ፋታ ስታገኝ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ያለ ድምፅ ትከፍተዋለች። ደውሎ ማውራት የለም፤ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ። ስለዚህ ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ ለወንድሟ ስልክ ላከችለትና አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠችው። “በየጁምዓው የእማን አንድ ፎቶ ትለጥፍልኛለህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

እናታቸው ሀዲያ ፎቶ መነሣትን ቀልድ አላደረገችውም። ጁምዓ ቀን አህመዲን ከመስጊድ ሲመለስ፣ ግቢው ውስጥ ካለችው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሻሿን አጥብቃ፣ ሹራብ በሹራብ ደርባ ትጠብቀዋለች። ሹራብ የምትደርበው ለብርዱ አይደለም። “ከስታለች ብላ ልጄ እንቅልፍ እንዳታጣ” ነው የምትለው። ግራጫዋ ድመትም ካልታቀፈች ፎቶ የለም። አህመዲን “እማ፣ ፀሐዩ ሄደብን እኮ” እያለ ይነጫነጫል።

“ታዲያ ሂድና ድመቷን አምጣት። አንተ ፋይል ብቻ ነው እንዴ ፈልገህ የምታገኝ?” ትለዋለች።

ስድስት ሰባት ጊዜ ታስነሣውና ሁሉንም አይታ አንዱን ትመርጣለች። “ይቺ ትሂድ” ትላለች። የተቀሩት ስልኩ ውስጥ ይቀራሉ፤ አህመዲን እንደሆነ የሚጥል ሰው አይደለም። ከዚያ ፈርሂያ “ወፈረችልኝ እኮ!” ብላ ትጽፋለች፤ አህመዲን ያነብላታል፤ እማም ልጇን እንዳታለለች ገብቷት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2007 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ ለአራት ቀን ታማ፣ ማክሰኞ ዕለት ሞተች።

ገላዋ ሊታጠብ ሹራቦቹ ሲወልቁ ነው ምን ያህል እንዳለቀች የታየው። ያጠቧት ሴቶች ወጥተው “ምን ቀርቷት ነበር!” ሲሉ አህመዲን በር ላይ ቆሞ ሰማ። ቤቷ አብሯት እየኖረ፣ በየሳምንቱ ፊት ለፊቷ ቆሞ እያነሣት፣ እሱም እንደ ፈርሂያ በሹራብ ሲታለል እንደከረመ ያኔ ገባው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሆዱ ውስጥ እንደያዘው ቀረ።

ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አጎቱ ሸህ አሕመድኑር ተነሥተው ቆሙ። ሸህ አሕመድኑር የሟች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤተሰቡ ውስጥ ከእሳቸው ቃል የሚወጣ የለም።

“ለፈርሂያ ማንም እንዳይነግር” አሉ። “መርዶ በስልክ የለም። ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ እጇን ይዞ ነው የምትረዳው። የደጎሎዋን ልጅ አይታችኋታል።”

የደጎሎዋን ልጅ ያላየ የለም። ቤይሩት ሆና፣ ሰው በሌለበት ቤት፣ የወንድሟን ሞት በስልክ ሰማች። ከሦስት ወር በኋላ ሲመልሷት አእምሮዋ አብሯት አልመጣም። ዛሬም ገበያ መሃል ቆማ፣ ባዶ እጇን ጆሮዋ ላይ ይዛ “ሀሎ፣ ሀሎ” ትላለች። እናቶች እሷን ሲያዩ ዓረብ አገር ያለችውን ልጃቸውን አስበው ፊታቸውን ያዞራሉ።

መላ አልጠፋም። ኩዌት ውስጥ፣ ፈርሂያ ካለችበት ብዙ ሳይርቅ፣ ሀሊማ የምትባል የከለላ ልጅ አለች። አሠሪዎቿ በወር አንድ ጁምዓ ያስወጧታል። እሷ ሄዳ፣ አጠገቧ ተቀምጣ ትነግራታለች ተባለ። እስከዚያ ነገሩ እንዳይሰማ ነው ጭንቁ። ሸህ አሕመድኑር ወደ አህመዲን ዞሩ።

“አንተ ደግሞ ያን ፌስቡክ የሚሉትን ዝጋ።”

“አባባ፣ እሱ እኮ የሚዘጋ በር የለውም። እኔ ብዘጋው ሌላው ይለጥፈዋል። ድንገት ብጠፋባት ደግሞ ምን ሆኑ ብላ ትጨነቃለች።”

“መዝገብ ቤት አይደለህም እንዴ? ሰዉን በየፋይሉ አድርገዋ! የሰማው ወዲህ፣ ያልሰማው ወዲያ፣ አፉን የማይዘጋው ለብቻ። አብሽር፣ አላህ ያግዝሃል።”

እውነቱን ለመናገር አህመዲን ይህን ሲሰማ ትንሽ ቀለለው። ለቅሶ አይችልበትም። እንደ ሌላው ደረት መድቃት፣ ጮኾ ማልቀስ አይሆንለትም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ሳያውቅ ነበር እስከዚያ የተቀመጠው። አሁን የሚያውቀው ሥራ ተሰጠው። ደብተር አስመጣና ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሎ የፌስቡክ ጓደኞቹን ስም ጻፈ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ሦስት መስመር አሰመረ፤ የሰሙ፣ ያልሰሙ፣ አፋቸው የማያርፍ። ሦስተኛው መስመር ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ተሻገረ። ስለ እያንዳንዱ ሰው ባሰበ ቁጥር አንድ ያወራው ነገር ትዝ ይለዋል፤ እስክሪብቶውም ወደዚያው ይሄዳል። የሚያምናቸው ዘጠኝ ሰዎች ቀሩ። ከዘጠኙ ሁለቱ ፌስቡካቸውን መክፈት የረሱ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን በፍቃዱ ጋ ሄደ። በፍቃዱ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው ነው፤ ገበያ መውረጃው ላይ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ቤት አለው። ለቅሶ ቤት ሲያድር ከርሞ ያን ቀን ጠዋት ነበር ሱቁን የከፈተው። ነገሩን ሰምቶ እጁን አፋተገና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

“ግሩፕ እንክፈታ! ሁሉንም እዚያ እናስገባቸውና አንድ ጊዜ እንለምናቸዋለን። በየሰዉ መጻፍ ምን አደከመህ?”

ግሩፑ ስም ይፈልጋል። በፍቃዱ “ቤተሰብ” እንበለው አለ። አህመዲን አልተዋጠለትም። ፋይል ማለት ገና ጀርባውን ሲያዩት ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ነው፤ “ልዩ ልዩ” ተብሎ የተቀመጠ ፋይል ስንት ሰው እንዳንከራተተ እሱ ያውቃል። ስለዚህ ወንበሩን ሳብ አድርጎ በገዛ እጁ ጻፈው። “የእማ ሀዲያን ሞት ለፈርሂያ እንዳትናገሩ።”

በፍቃዱ አነበበው፤ ጥሩ ነው አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን አንድ በአንድ ከመምረጥ ሁሉንም አስገብቶ አንዷን ማስወጣት ይቀላል ተባባሉ። አስገቧቸው። አህመዲን መልእክቱንም ለጠፈ፤ እናቱ ማክሰኞ ማረፏን፣ እህቱ ሰው አጠገቧ እስኪደርስ እንዳትሰማ ስለ አላህ፣ ስለ እግዜር ብሎ ለመነ። ከዚያ ስሞቹን ወደ ታች እየወረደ የፈርሂያን ሲፈልግ መብራት ሄደ።

ኮምፒውተሩ ጭልም አለ። አህመዲን ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም፤ ያን ጊዜ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ነበር የሚሄደው። ሱቁ በር ላይ ወጥተው ቆሙ። በፍቃዱ “ይመጣል፣ አሁን ይመጣል” እያለ የመብራት ምሰሶውን ያያል። አህመዲን አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሣል። ጄኔሬተር ያለው ሰው ፍለጋ ሁለቱም እየሮጡ ሄዱ፤ ባለጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆበታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት የሄደ መብራት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ።

ሲከፍቱት ግሩፑ ውስጥ ሌላ ለቅሶ ቤት ተከፍቶ ጠበቃቸው። “አላህ ይርሐማት” ያለው ብዛት፣ “ነፍስ ይማር” ብሎ የበራ ሻማ ሥዕል የለጠፈው ብዛት። አንዱ “ፈርሂያ ማናት?” ብሎ ጠይቋል። ከመልእክቱ ሥር በትንሽ ፊደል፣ አርባ አንድ ሰው አይቶታል ይላል። ያችን ቁጥር ቢጫኗት ያዩትን ሰዎች ስም ዘርዝራ ታሳያለች። አህመዲን ይህን ያውቃል፤ በፍቃዱም ያውቃል። ግን እጁ ቀደመው። ሁሉንም አጠፋው።

በሕይወቱ ሳያነብ ያስወገደው መዝገብ ያ ብቻ ነው።

“አይታዋለች?” አለ ወዲያው።

“እኔ ምን ዐውቃለሁ” አለ በፍቃዱ፤ እሱም ላብ አጥምቆታል። “አርባ አንድ ከሁለት መቶ አሥራ አራት እኮ ነው። ለምን እሷን ጨምሮ ይሆናል? ደግሞ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናት።”

ከዚያ በኋላ ነው በፍቃዱ ሲነካካ ሌላ ነገር ያገኘው። ለካ ጓደኞችህን በስውር የምታደራጅበት ዝርዝር አለ። ሰዎቹ የት እንደገቡ አያውቁም፤ ማን የምትለጥፈውን ይይ፣ ማን አይይ፣ አንተ ብቻ ነህ የምታውቅ። አህመዲን ከመጀመሪያው የሚፈልገው እሱን ነበር። “ይህ ነበር እኮ!” አለና ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። የሰሙትን ለብቻ፣ ያልሰሙትን ለብቻ፣ አፋቸው የማያርፈውን ለብቻ አድርጎ አስቀመጣቸው። አሁን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፤ የፈሰሰው ግን ፈስሷል፣ ማን ጋ እንደደረሰም ማወቂያ የለውም። ሌሊቱን በሙሉ አርባ አንድ ስም ሲገምት ነጋ።

በማግሥቱ ጁምዓ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። “ወንድሜ፣ ዛሬ የእማ ፎቶ የታለ?”

አህመዲን ሁለት ጊዜ አነበበው። አላየችም! ስልኩን እንደያዘ ወደ ድንኳኑ ሮጦ ሸህ አሕመድኑር ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ። እሳቸውም “አልሐምዱሊላህ” ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ።

“እንግዲያማ ላክላታ።”

“ምኑን አባባ?”

“ፎቶውን። የተነሣ የለህም?”

“አለኝ። ግን እኮ… እማ የለችም።”

“ሲነሣ ነበረች” አሉ ሸህ አሕመድኑር። “አትዋሻት። ዝም ብለህ ላክላት።”

ችግሩ ሰዉ ነው። መካነ ሰላም ሙሉውን ቀብሯት የተመለሰ ሰው፣ በአራተኛው ቀን ድመቷን ታቅፋ ፌስቡክ ላይ ሲያያት ምን ይላል? ስለዚህ አህመዲን አራተኛ ዝርዝር ከፈተ። ውስጡ አንድ ስም ብቻ አስገባ። የሚለጠፈው ለእሷ ብቻ ነው የሚታየው።

ከዚያ የቀሩትን ፎቶዎች እንደ ፋይል ለየ። እማ ያልመረጠቻቸው ናቸው ሁሉም። ዓይኗን የጨፈነችባቸው ወጡ። እጇ ተንቀሳቅሶ የደበዘዙት ወጡ። ቀድሞ ከተለጠፉት ጋር አንድ የሚመስሉት፣ አብዛኞቹ፣ ወጡ። ከኋላ የበቆሎው ቅጠል አረንጓዴ የሆነባቸውም ወጡ፤ በኅዳር በቆሎ የለም፣ ፈርሂያ ገበሬ ቤት ያደገች ናት፣ ትነቃለች። ተጣርተው አሥራ አምስት ቀሩ። ለአንድ ወር አራት ይበቃል፤ ሀሊማ ደግሞ በመጪው ወር ትሄዳለች። እንዲያውም ይተርፋል ብሎ አሰበ።

በመጀመሪያው ፎቶ ሥር ፈርሂያ ጻፈች። “ድመቷ አድጋለች። እማ ምን አለች?”

ይህን አልጠበቀም። እማ ምን እንዳለች መናገር ሊኖርበት ነው። ብዙ ቆይቶ፣ “ድመቷን ይዤ እጄ ዛለ፣ ቶሎ አንሣኝ አለች” ብሎ ጻፈ። ፈርሂያ የሳቅ ምልክት ላከች። በሚቀጥለው ጁምዓም ጠየቀች፤ በሚቀጥለውም። አህመዲን እየጻፈ ሄደ። የኑግ ልጥልጥ አምሮኛል አለች። ጉልበቴን አመመኝ፣ ግን እንዳትነግራት አለች። አንድ ቀን “ያቺ ልጅ ትበላለች እንዴ? ፊቷን እኮ አሳይታኝ አታውቅ” ብሎ ጻፈና፣ እማ ራሷ የተናገረችው መስሎት ዘወር ብሎ የድንጋይ መቀመጫዋን አየ። ባዶ ነው። ስልኩን አስቀምጦ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አለቀሰ።

ሰዉም አላረፈለትም። የአርባዋ ሰደቃ ላይ አቀስታ የሚኖር ደሳለው የሚባል የሥራ ጓደኛው መጥቶ ነበር፤ በቅንነት ድንኳኑን ፎቶ አንሥቶ ከነስሟ ለጠፈው። አህመዲን በበነጋው ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ አቀስታ ብርድ ውስጥ ወርዶ፣ ቤቱ ሄዶ ለመነው። ደሳለው ደንግጦ እዚያው አጠፋው። ግን እስከዚያ ስድስት ሰው ሼር አድርጎታል። ከስድስቱ ሁለቱን አህመዲን አያውቃቸውም፤ የትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም። ያኔ ነው ያለው ነገር በሙሉ በእጁ እንዳልሆነ የገባው። እሱ የሚለየው የራሱን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የራሱ ሰው አለው፣ ያም የራሱ። ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ደብተሩን አውጥቶ አየና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ሀሊማ በታኅሣሥ ሄዳ የቤቱ እመቤት በር ላይ መለሰቻት። በጥር ስትሄድ ሰዎቹ ቤቱን ዘግተው፣ ፈርሂያን ይዘው ሌላ ከተማ ለሰርግ ሄደዋል። በየካቲት የሀሊማ አሠሪ ታመመችና ጁምዓዋን ከለከለቻት። ሸህ አሕመድኑር በየወሩ “ሄደች?” ይላሉ፤ አህመዲን “አልሄደችም” ይላል፤ “አላህ ያውቃል” ብለው መቁጠሪያቸውን ያነሣሉ። ምን ያድርጉ? ኩዌት ሄደው በር አያንኳኩ።

ፎቶዎቹ አለቁ። መጋቢት ሲገባ አንድ ብቻ ቀረች። እማ ድመቷ አምልጣት ልትይዛት ስትነሣ የተነሣች ናት፤ ጀርባዋ ነው የሚታየው። ሻሿ፣ የላይኛው ሹራቧ፣ በግራ እጇ የጨበጠችው ዘንጓ። ፊት የለም። አህመዲን ጁምዓ ቀን እስከ ማታ ሲያመነታ ውሎ ለጠፋት። ፈርሂያ “እማ ምን አለች?” ብላ አልጠየቀችም። ብዙ ቆይታ “ዞረች እኮ” ብላ ብቻ ጻፈች። እሱም “ድመቷን ልታመጣ ነው” ብሎ መለሰ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ጠዋት ሀሊማ ደወለች። ተሳክቶላታል፤ እመቤቲቱ የለችም፣ ልጆቹ አስገብተዋታል፣ ፈርሂያ ሻይ ልታመጣላት ወደ ማዕድ ቤት ሄዳለች፤ ቶሎ በሉ አለች። ሸህ አሕመድኑር ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። በፍቃዱ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጎረቤታቸው የሻለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሁሉም እንደ መርዶ ቀን ተደርድረው ተቀመጡና ስልኩን መሃላቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ሀሊማ ፈርሂያን አጠገቧ አስቀምጣ እጇን መያዟን ነገረቻቸው። ሸህ አሕመድኑር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጄ ፈርሂያ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዲያው የአላህ ሥራ፣ ከሱ ፈቃድ የሚወጣ ማንም…”

“አባባ” አለች ፈርሂያ። ድምፅዋን ከሰሙ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ወፍሯል። “አይድከሙብኝ። ዐውቄያለሁ።”

የሻለም ጩኸቷን ልትለቅ አፏን ከፍታ የነበረችው እንደከፈተች ቀረች።

“መቼ?” አለ አህመዲን።

“የዛኑ ቀን። ግሩፕ ውስጥ አስገባኸኝ እኮ። ያን ቀን እመቤቲቱ ስላልነበረች ስልኬን ኪሴ ይዤው ነበር፤ ልብስ እየተኮስኩ ነዘረኝ። የእማ ሀዲያን ሞት ለፈርሂያ እንዳትናገሩ ይላል። ሸሚዙን አቃጠልኩት።”

አርባ አንደኛዋ እሷ ነበረች፤ ወይም ሦስተኛዋ፣ ወይም ሠላሳኛዋ። አህመዲን በርጩማው ፊት ተንበረከከ።

“አራት ወር ሙሉ! ብቻሽን! ለምን አልነገርሽኝም? ለሀሊማስ?”

“ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ይደርሳላ። መታጠቢያ ቤት ውሃ ከፍቼ አለቅሳለሁ። እንዲያው ሲብስብኝ እሱን ነበር የማደርገው።”

“እኔ እኮ እንዳይከፋሽ ብዬ…”

“ዐውቃለሁ ወንድሜ። ጁምዓ ሲደርስ፣ አሁን ዐውቄያለሁ ብዬ ልጻፍለት እልና፣ ከጻፍኩ ፎቶውን ይተዋል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ የታለ ብዬ እጠይቅሃለሁ። አንተም ትልካለህ። እማ ምን አለች ስልህም ትነግረኛለህ። ኑግ አምሮኛል ስትል ጊዜ ወላሂ ጠረኗ መጣብኝ።”

ሸህ አሕመድኑር መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው በስልኩ ላይ አፍጥጠዋል። ያን ያህል የተጠነቀቁላት፣ በስልክ መርዶ የለም ያሉላት ልጅ፣ አራት ወር ሙሉ እነሱ የፈሩትን ሁሉ ብቻዋን ሆና ጨርሳዋለች። ቢያውቁ ኖሮ ቢያንስ በጽሑፍ “አይዞሽ” ይሏት ነበር። “ይቅር በይን ልጄ” አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ስልኩ ጋ መድረሱንም እንጃ።

“ወንድሜ” አለች ፈርሂያ።

“አቤት እህቴ።”

“ሌላ አለ? ዓይኗን የጨፈነችበትም ይሁን። የደበዘዘም ይሁን ግድ የለኝም።”

አህመዲን ያወጣቸውን አሰበ። አቀስታ ደርሶ በመጣ ሰሞን ስልኩ ሞልቶ አልሠራ ሲለው፣ የማይሆኑትን፣ የጨፈነችባቸውን፣ የደበዘዙትን፣ በቆሎ ያለባቸውን፣ አንድ ላይ ሰብስቦ ደምስሷቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት ወረቀት ጥሎ የማያውቅ ሰው።

“የለም” አላት።

“ያቺ የዞረችባት መጨረሻዋ ናት?”

“መጨረሻዋ ናት።”

ከወዲያኛው ጫፍ በር ሲከፈት ተሰማ፤ ልጅ በዐረብኛ ተጣራ። ፈርሂያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“እሺ። ከፎቶዎቹ ሥር ከእኔ ሌላ የሚጽፍ ሰው እንደሌለ አይቻለሁ። እኔን ግን ከዚያ እንዳታወጣኝ። ከዚያ ለብቻዬ ካስገባኸኝ” አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

አላወጣትም። ሌሎቹን ዝርዝሮች ያንኑ ሳምንት አፈረሳቸው፤ የሰማውም ያልሰማውም እንደ ድሮው ተቀላቀለ። አራተኛው ግን እስከ ዛሬ አለ፣ አንድ ስም ይዟል። ጁምዓ ቀን አህመዲን ከመስጊድ ሲመለስ ይከፍተዋል፤ የሚለጥፈው ነገር የለውም፤ ትንሽ አይቶት መልሶ ይዘጋዋል።